ለተወካያችን፦ ዓመቱን ሙሉ በምክር ቤት ስለ እኛ ምን ተናገሩ?

ለተከበሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምርጫ ክልላችን ተወካይ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በ2017 የሥራ ዘመን በምክር ቤት ያደረጉትን ንግግርና የሰጡትን ድምፅ ይመለከታል

የተከበሩ ተወካያችን፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ወደ ዓባይ በሚወርደው አገር የምንኖር፣ በአንድ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር የታቀፍን ገበሬዎች ነን። ልጆቻችንን የሚያስተምሩ መምህራንና በወረዳችን ከተማ ሱቅ ከፍተው የሚኖሩ ወንድሞቻችንም አብረውን ተስማምተውበታል። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ ተሰልፈን ድምፅ ከሰጡት መራጮችዎ መካከል ነን።

ለመጻፍ ያነሣሣን በሐምሌ ወር በዞናችን ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ቃል ነው። የመራጮችዎን ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ለምክር ቤቱ ሲያቀርቡ እንደቆዩ ገልጸዋል ሲባል ሰማን። እኛ በስብሰባው አልተጠራንም፤ ብንጠራ ኖሮ እዚያው ተነሥተን እንጠይቅዎ ነበር። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ምክር ቤቱን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ሲከታተሉ የነበሩ ልጆቻችንን ሰበሰብን፤ ስልክ ያላቸውም የተቀዳውን ስብሰባ እየፈለጉ አዳመጡ። አንድ መምህር የተናገሩትን ሁሉ በደብተር አሰፈረ። ያመለጠን ካለ ቀኑን ጠቅሰው ይንገሩን፣ በደስታ እናርመዋለን። እኛ ያገኘነው ግን በጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ጊዜ መናገርዎን ነው።

የመጀመሪያው በጥቅምት ነው። መስከረም 27 ቀን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ሥራቸውን ሲጀምሩ ፕሬዚዳንቱ የመክፈቻ ንግግር አደረጉ፤ በጥቅምት ደግሞ ምክር ቤቱ በንግግሩ ላይ በቀረበው የድጋፍ ሞሽን ተወያየ። እርስዎ ዕድል ደርሶዎት የተናገሩት ምስጋና ነበር። መንግሥት በስንዴ፣ በኮሪደር ልማት፣ በህዳሴው ግድብ ላስመዘገበው ውጤት አመሰገኑ። ማመስገን መብትዎ ነው። ነገር ግን ያን ሰሞን በቆላ ቀበሌዎቻችን ወባ ከቤት ቤት ይዞር ነበር፤ ጤና ኬላው መድኃኒት አልቆበት በሽተኛ በቃሬዛ ወደ ከተማ ይወጣ ነበር። ከምስጋናዎ ቀጥለው «በምርጫ ክልሌ ወባ ሰው እየጨረሰ ነው፣ ጤና ሚኒስቴር ምን እያደረገ ነው?» ብለው ቢጠይቁ ምስጋናዎ አይቀንስም ነበር።

ሁለተኛው አንድ የብድር ስምምነት ሲጸድቅ ነው። ወለዱ ዝቅተኛ፣ የእፎይታ ጊዜውም ረጅም ስለሆነ ይጽደቅ ብለዋል። በዚህ ላይ የምንለው የለንም።

ሦስተኛው የትምህርት ዘርፍ ሪፖርት የተሰማ ዕለት ነው፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት እንፈልጋለን። የጠየቁት ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ግንባታ መጓተት ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን የክልሉ ትምህርት ቢሮ ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ከእነዚያ መካከል የእርስዎ መራጮች ልጆች አሉ። በአንደኛው ቀበሌያችን ያለው ትምህርት ቤት በሩ ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ወንበሩ ተሰባብሯል፣ ጣሪያው ተቀዷል። ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት እስካሁን ፊደል ያልቆጠረች ልጅ አለችን። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ፈተናውን ስትጠብቅ የነበረች ጎበዝ ተማሪ፣ ትምህርቱ ሲቀር ወላጆቿ ዳሯት። ወላጆቿን ወቅሰናል፤ እነሱ ግን «ምን አድርጋ ትቀመጥ?» አሉን፣ መልስ አጣን። ዩኒቨርሲቲውስ ሲያልቅ ማን ሊገባበት ነው? አንደኛ ክፍል ያልገባ ልጅ ነገ ዩኒቨርሲቲ አይደርስም። ሚኒስትሩ ከፊትዎ ተቀምጠው፣ ማይክሮፎኑ እጅዎ ላይ ሆኖ ይህን አለማንሣትዎ ከሁሉ በላይ ያሳዘነን ነው።

ንግግርዎ ይህ ነው። ዝምታዎ ግን ከንግግርዎ ይበዛል፤ ቅሬታችንም የሚበረታው እዚያ ላይ ነው።

በኅዳር ወር ምክር ቤቱ 582 ቢሊዮን ብር ገደማ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመጣውን የዋጋ ጫና ለመቋቋም ነው ተብሎ፣ ለማዳበሪያና ለነዳጅ ድጎማ የሚውል ገንዘብ በውስጡ እንዳለ ተነገረ። ለእኛ በዓመቱ ከተነሡት ጉዳዮች ሁሉ ከዚህ የሚቀርብ አልነበረም። እርስዎ አልተናገሩም።

ማዳበሪያ እንዴት እንደሚደርሰን ያውቃሉ ብለን እናምናለን፤ ቢሆንም እንንገርዎ። አገራችን የምትጠቀመውን ማዳበሪያ የምታስገባው ከውጭ ነው። በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፣ በከባድ መኪና ተጭኖ የዓባይን በረሃ ይሻገራል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ ወደ ማኅበራችን መጋዘን ይመጣል። በየመሐሉ አንድ ሳምንት ሲዘገይ የሚከፍለው ገበሬው ነው። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ ከዘር ጋር አብሮ መሬት የሚገባ ነው፤ ከተዘራ በኋላ ቢመጣ ፋይዳው ትንሽ ነው። ዩሪያ ደግሞ ሰብሉ በቁመቱ ሳለ ካልተበተነለት ፍሬ ሊይዝ ሲል ቢደርሰው ምን ይረባዋል? ጤፍ የሚዘራው ሐምሌ ነው፤ ሐምሌ አንድን ገበሬ አይጠብቅም።

ባሏ የሞተባት አንዲት የማኅበራችን አባል ገንዘቧን በጊዜው ከፍላ፣ ስሟ በዝርዝሩ ላይ ሠፍሮ ነበር። ተራዋ ሳይደርስ ዝናቡ ገፋ። ጊደሯን ሸጣ ከነጋዴ እጅ፣ ነጋዴው በጠራው ዋጋ ገዛች። ነጋዴው ያንን ማዳበሪያ ከየት አመጣው? እኛ መጋዘን ያጣነው ዕቃ ገበያ ላይ እንዴት ሞላ? ይህን ጥያቄ እኛ ስንጠይቅ የሚመለከተው ሁሉ ወደ ሌላው ይጠቁመናል። እርስዎ ቢጠይቁ ግን ጥያቄዎ በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፣ ሚኒስትሩም መልስ መስጠት ግድ ይሆንበታል። ተወካይና ተራ ገበሬ የሚለዩት በዚህ ነው።

ከማዳበሪያው ሳንወጣ፣ ስለ አፈሩም አንድ ነገር። ከአገራችን የሚታረስ መሬት 40 በመቶ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ፤ የእኛ ደጋም ከዚያው ነው። አሲዳማ መሬት ላይ የምንበትነው ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከአፈሩ ብረትና አሉሚኒየም ጋር ይያዝና ለሰብሉ አይደርስም። መድኃኒቱ ኖራ ነው። የኖራ ድንጋይ ደግሞ በዓባይ በረሃ፣ ከደጀን ሥር አለልን። በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በድጎማ ተደግፎ የሚመጣ ማዳበሪያ በአሲድ እየተበላ ሳለ፣ ደጃችን ያለውን ድንጋይ ፈጭቶ ማሳ ላይ ማድረስ እንዴት አቃተን? በጀት ሲጸድቅ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ይኖራል ብለን አናምንም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛችን ይህን በደንብ ያስረዳል፤ ምክር ቤቱ ውስጥ የሚያስረዳ ግን አላገኘንም።

የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 በግንቦት 2016 ሲጸድቅ፣ ከ1997ቱ አዋጅ ወዲህ ትልቅ ለውጥ መጣ ተብሎ ተነገረን። ገበሬ በመሬት የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር ይችላል የሚለው አንቀጽ ተስፋ ሰጠን፤ ጎጃም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ቀድሞ ከተጀመረባቸው አገሮች አንዱ ነውና ደብተሩ በየቤታችን አለ። ዓመቱን ሙሉ ደብተራቸውን ይዘው ብድር የጠየቁ አባሎቻችን «መመሪያው አልደረሰንም» ተብለው ተመለሱ። አንዱ የውኃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ ነበር፤ በመጨረሻ ከአራጣ አበዳሪ ወሰደ። አዋጅ ማውጣት የምክር ቤቱ ሥራ እንደሆነ ሁሉ፣ የወጣው አዋጅ መሬት መንካቱን መከታተልም ሥራው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን የተሰጠው ለዚህ ነው። «ያጸደቅነው አዋጅ ምን ላይ ደረሰ?» የሚል አንድ ጥያቄ እንኳ ከእርስዎ አልሰማንም።

በጥር የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ፤ በወረዳ ከተማችን በጭቃ ቤት የሚኖሩ ጡረተኞች ምን ያህል እንደሚደርስባቸው የሚነግራቸው አጥተው ተጨንቀዋል። በየካቲት የአገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ ዘመን በአንድ ዓመት ተራዘመ፤ በጥይት መካከል የሚኖር ሕዝብ በምክክሩ እንዴት ይሳተፍ ብለው የጠየቁ አባላት እንዳሉ ሰምተናል፣ እርስዎን ግን ከመካከላቸው አላገኘንዎትም። በሰኔ መጨረሻ የ2018 በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ሆኖ ሲጸድቅም እንዲሁ።

ምናልባት ተቃውመው ይሆናል። ምናልባት ድምፀ ተዓቅቦ አድርገው ይሆናል። ይህን ማወቅ አለመቻላችን ራሱን የቻለ ቅሬታ ነው። ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው። አፈ ጉባኤው «በዚህን ያህል ተቃውሞና በዚህን ያህል ድምፀ ተዓቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል» ይላሉ፣ ነገሩ ያልቃል። የተቃወመው ማን ነው? የደገፈውስ? ካሜራው ያላሳየውን እጅ እኛ ከዚህ ልናይ አንችልም። ሰው በችሎት የሚቆምለት ወኪል ሲልክ፣ ማታ ሲመለስ «አንተ ምን አልክ? ዳኛውስ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ወኪሉም አንድ ሳያስቀር ይናገራል። እኛ ለአምስት ዓመት ወክለን ልከን፣ ማታ የሚነግረን የለም።

ስብሰባ ይደረጋል ይሉን ይሆናል። ምክር ቤቱ በሥራ ዘመኑ መካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለው፤ አባላት በዚያ ጊዜና በክረምት ወደ መራጮቻቸው ይሄዳሉ። ዘንድሮ በየካቲት የመጡት ወደ ዞኑ ከተማ አዳራሽ ነው። የተሰበሰበው በስም ዝርዝር የተጠራ ሰው ነው፤ ከእኛ ቀበሌዎች የተጠራው የቀበሌ አመራር ብቻ ነበር። መንገዱ አስጊ እንደሆነ እናውቃለን፤ እኛም በዚያው መንገድ ነው የምንመላለሰው፣ ነፍሰ ጡርም እህልም የምናጓጉዘው በዚያው ነው። ቀበሌያችን ድረስ ለመምጣት ካልተቻለ በስልክም በሬዲዮም መገናኘት ይቻላል። አልተሞከረም።

ይህን ሁሉ ነገር ለምን እንደምናከርረው የአካባቢያችንን ታሪክ የሚያውቅ አይጠይቀንም። በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ መመረጥ ጀምረው ነበር። ያ ፓርላማ ነው በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅን ያጸደቀው። አያቶቻችን አዋጁን ከተወካይ አንደበት አልሰሙትም፤ የሰሙት ገማቾች ማሳ ላይ ሲደርሱ ነው። መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊሄድ ነው ብለው ከሞጣ እስከ ቢቸና ተነሡ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ያነሡትና ውዝፉን ግብር የተዉት። ጥያቄያቸው መጀመሪያውኑ ፓርላማ ውስጥ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ፣ አዋጁም ሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ተብራርቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባላለቀ ነበር ብለን እናምናለን። ዛሬም መሬታችን ላይ ጥይት አለ። በነሐሴ 2015 ምክር ቤቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን አጸደቀ፣ በጥር 2016 ለአራት ወር አራዘመ፤ አዋጁ ካበቃ ዓመት አልፎታል፣ ግጭቱ ግን አላበቃም። የሚሞተው ከየትኛውም ወገን ይሁን ልጃችን ነው። የሕዝብ ብሶት በምክር ቤት ካልተነገረ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ይህን የምንለው በደረሰብን ነው።

መናገር እንደሚያስፈራ እናውቃለን። የፓርቲ ዲሲፕሊን እንዳለም እናውቃለን። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች እንደሆኑ፣ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ፓርቲ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም ይላል። ይኸው አንቀጽ መራጩ አመኔታ ባጣ ጊዜ ተወካዩን ማንሣት እንደሚችልም ይናገራል። ዛሬ ያንን አንጠይቅም። የምንጠይቀው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ፣ በ2017 የሥራ ዘመን የተናገሩትን ሁሉ ከነቀኑ፣ በዋና ዋናዎቹ አዋጆችና በጀቶች ላይ የሰጡትን ድምፅም ድጋፍ፣ ተቃውሞ ወይም ተዓቅቦ ብለው በጽሑፍ ይላኩልን። በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን፤ ማንበብ ለማይችሉትም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብም ከስግደት በኋላ እናነብላቸዋለን። በቋሚ ኮሚቴ ውስጥ የሠሩት ሥራ ካለም ይጨምሩበት፤ ከጠቅላላ ጉባኤው ይልቅ እዚያ ብዙ ደክመው ሊሆን ይችላልና እንዲታወቅልዎ እንፈልጋለን።

ሁለተኛ፣ ምክር ቤቱ መስከረም 26 ቀን 2018 ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያነጋግሩን። መምጣት ከተቻለ የገበያ ቀን ይምረጡ፣ ዝርዝር አይዘጋጅ፣ የመጣ ሁሉ ይጠይቅ። ካልተቻለ በአካባቢው ሬዲዮ በቀጥታ ስልክ ይቀበሉ።

ሦስተኛ፣ በአዲሱ የሥራ ዘመን ሦስት ጥያቄዎችን በስማችን ያንሡልን፤ የ2018/19 ምርት ዘመን ማዳበሪያና ኖራ በየትኛው ወር መጋዘናችን እንደሚገባና ከመጋዘን ወደ ነጋዴ የሚሄደው በማን በኩል እንደሆነ፤ የተዘጉ ትምህርት ቤቶቻችን መቼና በምን ዋስትና እንደሚከፈቱ፤ በይዞታ ደብተር የመበደር መብት በሥራ ላይ ያልዋለው ለምን እንደሆነ። የተሰጥዎትን መልስ፣ መልስ ካልተሰጠም ያንኑ፣ ይንገሩን።

ለምክር ቤቱም አንድ ጥያቄ አለን፤ እርስዎ ያቅርቡልን። አባላት በአዋጅና በበጀት ላይ የሚሰጡት ድምፅ በስም ተመዝግቦ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ይህ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

የሥራ ዘመንዎ ሊያበቃ አንድ ዓመት ቀርቶታል። መልስዎን እስከ መስከረም መጀመሪያ እንጠብቃለን፤ ደብዳቤዎ ሲደርሰን እንደዚህኛው በግልጽ እናወጣዋለን።

ከአክብሮት ጋር

በምሥራቅ ጎጃም የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ጸሐፊ፣
ስለ ማኅበሩ አባላት፣ ስለ ቀበሌ መምህራንና ስለ ወረዳው ከተማ ነዋሪ መራጮች

ነሐሴ 2017 ዓ.ም.